ሳትፈተን ማን ጣለህ?

«ጋሼ፣ ሕግ መማር እፈልግ ነበር። ግን አይደርሰኝም።»

ማን ነገረህ?

«ማንም። እኔው ሳስበው ነው።»

እንግዲያማ የሕግ ትምህርት ቤቱን ደጅ ሳትረግጥ ዳኛ ሆነሃል። ከሳሹ አንተ፣ ተከሳሹ አንተ፣ ምስክሩ አንተ፣ ፍርዱን ያነበብከውም አንተ። መጥሪያ የለ፣ ቀጠሮ የለ፣ የዳኝነት ክፍያ የለ። እንዲህ የሚፈጥን ችሎት ተሁለደሬ ላይ ቢቀመጥ ኖሮ የሐይቅ ገበሬ ለአንዲት ቁራሽ መሬት ጫማውን ባልጨረሰ ነበር።

ነገሩ የዚህ ልጅ ብቻ ቢሆን ዝም ባልኩ። የ12ኛ ክፍል ውጤት በሚጠበቅበት ሰሞን ከደሴ ተነስቶ በሐይቅ በኩል ወደ ውጫሌ የሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ የተቀመጠ ሰው ይህንኑ ክርክር ሳይሰማ አይወርድም። አንዱ «ሕግ ነው የምሞላው» ይላል። ከኋላ ወንበር ሦስት ሰው በአንድ አፍ «አይደርስህም» ይለዋል። ረዳቱ ደግሞ ሒሳብ እየሰበሰበ «እኔም ፈልጌ ነበር» ይላል። እኔን ያስፈራኝ የረዳቱ ነው። ስለዚህ የሰማሁትን ሰበብ ሁሉ በየተራ አቀርባለሁ፤ መልሱንም እዚያው። የከፋው ይግባኝ ይበል።

«ቁጥሩን አላዩትም መሰለኝ» አለኝ ልጁ።

አይቼዋለሁ። ግማሽና ከዚያ በላይ ነጥብ ያመጡት በ2014 ዓ.ም. ከተፈታኙ 3.3 በመቶ ነበሩ። በ2015 3.2 ሆኑ፣ በ2016 5.4፣ በ2017 8.4። ከመቶ ልጅ ከዘጠና በላይ በሚወድቅበት ፈተና ማፈር ያለበት ልጁ ብቻ ነው የሚል ሰው ካለ፣ ሒሳብ የወደቀው እሱ ነው። መምህር ሳይሟላለት፣ በጦርነት ክፍሉ መጠለያ ሆኖ፣ መጽሐፉን ለአራት እየተዋሰ የተፈተነ ልጅ ውጤቱን ሲሰማ አንገቱን ይደፋል፤ መጽሐፉን ያላደረሰለት ሰው ግን ያው ስብሰባ ላይ ነው።

ይህን ካልኩ በኋላ ወደ አንተ ልመለስ። ያ ቁጥር የሕግ በር አይደለም። የዩኒቨርሲቲው የውጭ በር ነው፤ ሐኪም የሚሆነውም፣ መሐንዲስ የሚሆነውም፣ ሒሳብ አያያዝ የሚማረውም የሚያልፈው በዚያው ነው። አልፈህ ስትገባ ፍሬሽማን ይቀበልሃል። ዲፓርትመንት የሚሞላው ከዚያ በኋላ ነው፤ ያኔ ውጤትህ ከሌላው ልጅ ውጤት ጋር ይተያያል። ሕግን ከላይ የሚጽፈው የሶሻል ተማሪ ብዙ ነውና ፉክክር አለ፤ አልዋሽህም። ግማሹን ለጥቂት የሳተውም ከ2015 ወዲህ ሪሚዲያል ተከፍቶለታል፤ ወራት ተምሮ እንደገና ይፈተናል። አንተ ግን የትኛው በር እንደዘጋብህ ስጠይቅህ «ሁሉም» አልከኝ። ገና አንዱንም አላንኳኳህም እኮ!

«ዕድሌ ጠባብ ነው ማለቴ ነው።»

ዕድሉ የመቶኛው ነው። 8.4 በመቶው ብቻ ግቢ የገባ ልጅ አይቼ አላውቅም፤ ወይ ሙሉ ልጅ ይገባል፣ ወይ ሙሉ ልጅ ይቀራል። ደግሞ ስለ ሕግ ካነሣህ፣ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 የተከሰሰ ሰው ገና በፍርድ ሂደት ላይ ሳለ እንደ ጥፋተኛ ያለመቆጠር መብት አለው ይላል። በሬ ሰርቋል የተባለ ሰው ይህ መብት አለው። አንተ የማንንም በሬ ሳትነካ ለራስህ ነፈግከው። የወንጀል ሕጋችን እንኳ በመርህ ደረጃ መሰናዳትን ብቻውን አይቀጣም፣ የሚቀጣው ሙከራን ነው። መሰናዶ ጨርሰህ ሙከራው ላይ የቆምከው ይህን ፈርተህ ከሆነ ይገባኛል።

ሳቀ። የሳቀ ተከሳሽ ግማሽ አመነ ማለት ነው፤ ወደሚቀጥለው ልለፍ።

የሚቀጥለው እንዲያውም ሌላ ልጅ ነው፤ ሐይቁ ዳር ቆሞ፣ ጀርባውን ለውሃው ሰጥቶ «ሕግ የአዲስ አበባ ልጅ ነገር ነው፤ እኛ አገር ማን ያውቀዋል?» ያለኝ።

ዞር በልና እየው አልኩት። ጀርባህን የሰጠኸው ውሃ እኮ ፍርድ ነው።

አፈ ታሪኩን ሽማግሌ ሁሉ ይነግርሃል። አንዲት ነፍሰ ጡር ሴት በአንዲት ልዕልት ተበደለች። ሸንጎ ተጠራላት፣ ዋስ ተጠየቀ አይልም ታሪኩ። እግዚአብሔር ተቆጣና ሴትየዋ ከተቀመጠችባት መሬት በቀር ዙሪያውን ውሃ አደረገው። ልዕልቲቱ ከነወዳጅ ዘመዶቿ ሰጠመች። ሴትየዋ የተቀመጠችባት መሬት ደሴት ሆና ቀረች፤ ዛሬ የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ያለው እዚያ ላይ ነው ይባላል፤ ውሃው ሸሽቶ አሁን በእግር ይደረስበታል።

እዚህ ላይ የሕግ ተማሪ ቢኖር እጁን ያነሣል። ልዕልቲቱስ በደለች እንበል፤ ወዳጆቿ ምን አደረጉ? ዘመድ መሆን ከመቼ ወዲህ ነው ወንጀል የሆነው? ክሱ ተነበበላቸው? መከላከያ ምስክር አሰሙ? ሁለተኛ ጥያቄ፦ ለተበደለች ሴት በተፈረደ መሬት ላይ የቆመው ገዳም ሴት አያስገባም። ሴቶች ተሰብስበው «የባለመብቷ ወራሾች ነን» ብለው ፋይል ቢከፍቱ ይርጋው አልፏል ወይስ አላለፈም? መነኮሳቱ እንዳይቀየሙኝ፤ የገዳም ሥርዓት በወረዳ ፍርድ ቤት እንደማይነካ አላጣሁትም። ግን ይህን ጥያቄ ደሴ፣ ወሎ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ውስጥ ብትጥለው ክፍለ ጊዜው አልቆ ተማሪው ኮሪደር ላይ ይቀጥለዋል። አንተ እዚሁ ዳር ቆሮሶህን እየበላህ አደግህ፤ አንድ ቀን አጥንቱን አስቀምጠህ «ለምን?» አላልክም።

«ይሄ ተረት ነው፣ ጋሼ።»

ታሪክም ልስጥህ። በ13ኛው መቶ ዘመን ይህን ገዳም የትምህርት ቤት ያደረገው አባ ኢየሱስ ሞዐ ነው፤ ተክለ ሃይማኖትን ያስተማረ። ከይኩኖ አምላክ መንገሥ በኋላ የሐይቁ አለቃ ዓቃቤ ሰዓት ተብሎ የንጉሡ የቅርብ ሰው ሆነ። ንጉሡ ዘንድ በስንት ሰዓት ማን ይግባ፣ ማን ደጅ ይጥና የሚለው በእሱ እጅ ያልፍ ነበር። አየህ፣ የሐይቅ ሰው በሌላው መግባትና መቅረት ላይ ይወስን ነበር። ዛሬ የልጅ ልጁ የሬጅስትራር መስኮት ፈርቶ ሲሚንቶ ላይ ቁጭ ብሏል።

በእስላሙም ወገን ብትመጣ ያው ነው። አያትህ ደረሳ ሆነው በእግራቸው ዳና ሲወርዱ፣ ከሸኽ ወደ ሸኽ ሲዞሩ፣ ኪታቡን በጭራሮ ብርሃን ሲቀሩ የቀሩት ምን ነበር? ፊቅህ አይደለም? ጋብቻው፣ ፍቺው፣ ውርሱ፣ ሽያጩ ሁሉ እዚያ ውስጥ ነው። ያን ጊዜ «ይደርሰኛል ወይ?» ብለው ቢቀመጡ ኖሮ ዛሬ አንተ «አያቴ ዓሊም ነበሩ» ብለህ የምትኮራበት ነገር ባልኖረህ ነበር። እሳቸው ቁራሽ ለምነው ነው የተማሩት፤ የቆሎ ተማሪውም እንዲሁ።

አምባሰልን አንሣ ደግሞ። ሰው አምባሰል ሲባል ክራር ይታየዋል፤ ከአራቱ ቅኝቶች አንዱ በስሙ ተጠርቷልና አይፈረድበትም። ግሸን ግን እዚያው ወረዳ ውስጥ ናት። በየዓመቱ መስከረም 21 ቀን ምእመኑ ዳገቱን የሚወጣላት ግሸን፣ በዘመኗ የነገሥታት ልጆችና ወንድሞች የሚታሰሩባት አምባ ነበረች፤ እስከ 16ኛው መቶ ዘመን የግራኝ ጦርነት ድረስ። ወንጀላቸው? ከንጉሥ መወለድ። የእስራቱ ጊዜ? ዙፋን ባዶ እስኪሆንና አንዱ እስኪፈለግ፤ ሌሎቹ ግን ዕድሜያቸውን እዚያው ይጨርሱ ነበር። ሰውን ያለ ክስ ማሰር በእኛ ዘመን የመጣ ፈሊጥ ነው የሚል ሰው አምባሰልን አያውቃትም። እንግዲህ ከፊትህ ፍርድ የወለደው ሐይቅ፣ ከላይህ ፍርድ የሌለበት እስር ቤት አስቀምጦልህ ፈጣሪ ሌላ ምን ያድርግልህ? እጅህን ይዞ ይመዝግብህ?

«ኧረ አብሽሩ፣ ጋሼ!» አለኝ። አብሽሬያለሁ። አንተ ተመዝገብ።

ከውጫሌ የመጣች ልጅ ደግሞ ሰበቧን አጥባ አጣጥፋ ነው ያመጣችው። «ነጥቡ አያሳስበኝም። እንግሊዝኛዬ ነው። ሕግ በእንግሊዝኛ ነው የሚሰጠው።»

እውነትሽን ነው። የሁሉም ሰበብ እንዳንቺ እውነት ቢኖረው ይህን አምድ ባልጻፍኩት። የፍትሐ ብሔር ሕጋችንን ያረቀቀው ሬኔ ዳቪድ የሚባል ፈረንሳዊ ነው፤ የጻፈውም በፈረንሳይኛ። በ1952 ዓ.ም. በአማርኛና በእንግሊዝኛ ታወጀ፤ 3,367 አንቀጽ። ተማሪው በእንግሊዝኛ ያጠናዋል፣ በእንግሊዝኛ ይፈተንበታል፣ ተመርቆ ሲመጣ ገበሬው ፊት በአማርኛ ይከራከርበታል። እንግዲህ እንግሊዝኛ የደከመበት ግቢ ውስጥ ይቸገራል፤ አማርኛ የደከመበት ግን ችሎት ቆሞ ደንበኛውን ያስፈርድበታል። ከሁለቱ የትኛው ይብሳል? አንቺ ከባዱን ይዘሽ ነው የመጣሽው፤ ለቀሪው አምስት ዓመት አለሽ።

ደግሞ የውጫሌ ልጅ ሆነሽ! ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በአገርሽ የተፈረመው ውል አንቀጽ 17 በጣሊያንኛ ሌላ ሆኖ ተገኝቶ ዓድዋ ድረስ አድርሶናል። ሁለት ቋንቋ አስተያይቶ የማንበብን ጥቅም ለአንቺ መንገር ለሐይቅ ሰው ዋና እንደማስተማር ነው።

«ታዲያ እስከዚያ እንግሊዝኛውን ምን ላድርገው?»

ነጋሪት ጋዜጣ አማርኛውንና እንግሊዝኛውን ጎን ለጎን ነው የሚያትመው። ሕገ መንግሥቱን ያዢ፣ 106 አንቀጽ ብቻ ነው። አንዱን አንቀጽ በአማርኛ አንብቢ፣ እጅሽን አማርኛው ላይ ጋርጂበትና እንግሊዝኛውን ተረጎምኩ ብለሽ ሞክሪ፣ ከዚያ እጅሽን አንሺ። ሳትከፍዪ አስጠኚ ቀጠርሽ ማለት ነው። ክረምቱ ሲያልቅ ከእንግሊዝኛው ሌላ መብትሽንም አውቀሽ ትነሺያለሽ፤ ይህ ሁለተኛው ቤተሰብ ውስጥ ጠብ ሊያመጣ ስለሚችል በጥንቃቄ ያዢው።

ልጆቹን ጨርሼ ወላጅ መጣ። አባትየው ደረታቸውን ነፍተው «የኔ ልጅ አፉ ምላጭ ነው። በአፉ ሰው አያስቆምም። ሕግ ይማርልኝ» አሉኝ።

አያ፣ ምላጭማ ፀጉር ቤትም አለ። በአያትዎ ዘመን ቢሆን እስማማ ነበር። ያን ጊዜ ክርክር በላ ልበልሃ ነው፤ ከሳሽና ተከሳሽ በግጥም ይሞጋገታሉ፣ በማር፣ በበቅሎ፣ በፈረስ ይወራረዳሉ፣ ዳር የቆመው ሰው ይስቃል፣ ዳኛውም ሰው ነውና ቤት ለገጠመለት ጆሮውን ያዘነብላል። ተከራካሪዎቹ በቁራኛ ታስረው በአንድ ሰንሰለት ችሎት ይሄዱ እንደነበርም ያውቃሉ። ያ ዘመን ለአፈኛ ነበር። (ይህችም የተረብ አምድ ከዚያ ወገን ናት፤ አልክድም።) የዛሬው ፍርድ ቤት ግን የሚያነበው ወረቀት ነው። የክስ ማመልከቻ፣ መልስ፣ የሰነድ ማስረጃ ዝርዝር፣ የምስክር ዝርዝር። ልጅዎ ሲናገር ዳኛው ቀና ብሎ ካዳመጠው ደግ ነው፤ ካላዳመጠው መዝገቡ ውስጥ ያለው ይፈርዳል። ስለዚህ ልበልዎ አያ፣ ልጅዎ ሦስት ሰዓት ቁጭ ብሎ ሳይነሣ ያነባል?

«እሱ እንኳ… ዘሎ ዘሎ አይቀመጥም።»

እንግዲያው የሠርግ አዝማሪ ያድርጉት፤ እዚያም ገንዘብ አለ። የትርፍ ጊዜውን ለእኔ አምድ ይስጠኝ።

እውነቱን ለመናገር «አይደርሰኝም» ከሚለው ይልቅ «ይገባኛል» የሚለው ያሰጋኛል። ከአጎቱ ጋር በመሬት የተጣላ ልጅ ጥቁር ካባ ለብሶ አጎቱን ለማስጨነቅ ሕግ ይሞላል። ሁለተኛ ዓመት ላይ ውል ሲማር ደንግጦ ይቀራል፤ የአጎቱ ስም መጽሐፉ ውስጥ የለም። እንዲህ ላለው ልጅ ምክሬ አጭር ነው፦ ይህን ያህል ከጠላኸው ለጠበቃ ክፈል፤ ከአምስት ዓመት ይረክሳል። ሕግ መማር ያለበት የሌላ ሰው ጣጣ የማይሰለቸው ሰው ነው። የማያውቃት ባልቴት የይዞታ ደብተሯን በፌስታል ጠቅልላ መጥታ ከራሷ ጋብቻ ጀምራ ስታወራ፣ ፍሬ ነገሩ የት እንዳለ ሳያቋርጣት የሚጠብቅ። ይህ ችሎታ በፈተና አይለካም፤ ስለዚህ 12ኛ ክፍል ስንት እንዳመጣህ ስትነግረኝ ስለ እሱ ምንም አልነገርከኝም።

አንድ ራፖር ጸሐፊ ይህን ሲሰማ ጥላው ሥር ሆኖ ራሱን ነቀነቀ። ከፍርድ ቤቱ ደጅ ባለችው በርጩማ ላይ የማይሰማው ጉድ የለም። «እኔ ያላነበብኩት ሕግ ነው እንጂ ያልጻፍኩት ክስ የለም» ይላል። የሚማር ልጅ ካለ ከግቢ በፊት አንድ ሳምንት እዚያ በርጩማ አጠገብ ቢቀመጥ፣ መማር እንደሚፈልግና እንደማይፈልግ ያውቃል። ክፍያ የለውም፤ ሻይ ይጋብዘው።

«3,367 አንቀጽ ማን ይሸመድዳል?» የሚልም አለ። ማንም። የወንጀል ሕጉ 865 ሲጨመርበት ከ4,000 ያልፋል፤ ዳኛውም አልሸመደደውም፣ ጠረጴዛው ላይ ነው ያስቀመጠው። ቢሸመድደውም አይበቃውም። ከ1997ቱ አዋጅ ወዲህ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ችሎት የሰጠው የሕግ ትርጉም በየደረጃው ያለውን ፍርድ ቤት ያስገድዳል፤ የታተመው ቅጽ ከ20 አልፏል። በክልሉ ደግሞ የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 252/2009 አለ፤ የሐይቅ ገበሬ የሚጣላው በእሱ ነው። ይህ ሁሉ የሚሸመደድ ሳይሆን ሲፈለግ የሚገኝበትን ማወቅ ነው። አንተ የሰባ ተጫዋች ስም ከነክለቡና ከነማልያ ቁጥሩ የያዝክ ልጅ ስለ ጭንቅላት ማነስ አታውራኝ።

አሁን ወደ አጎትየው። አጎት የሌለበት የትምህርት ውሳኔ በእኛ አገር አልተሰማም። «ሕግ ተመርቆ ባጃጅ የሚነዳ አውቃለሁ» አሉ፣ ጉዳዩን የዘጉ መስሏቸው።

እኔም አውቃለሁ። ትራፊክ ሲያስቆመው ደንቡን ከነአንቀጹ ስለሚያነብለት ሰልፉን ያስረዝመዋል እንጂ ባጃጁስ አይከፋውም። ግን የአጎትየውን ሰበብ አላቃልለውም፤ ከሁሉ የከበደው የእሳቸው ነው። ልጆቹ መግቢያውን ሲፈሩ እኔ የገረመኝ መውጫውን አለመጠየቃቸው ነው። ሌላው የትምህርት ክፍል በ2015 የጀመረውን የመውጫ ፈተና የሕግ ተማሪ ከዚያ ከዓመታት በፊት ጀምሮ ሲፈተነው ኖሯል። አምስት ዓመት ተምሮ፣ ኮርሱን ሁሉ አልፎ፣ በአንዲት ፈተና የሚቀር አለ። ያንን ያለፈ ዳኛ ወይም ዐቃቤ ሕግ ለመሆን ማስታወቂያ ይጠብቃል። ጥብቅና የፈለገ ደግሞ የፈቃድ ፈተና አለበት። ከዚያ ሁሉ በኋላ ደንበኛው መጥቶ «ትንሽ ቀንስልኝ» ይለዋል።

ስለዚህ «ይደርሰኛል ወይ?» ብለህ እንቅልፍ ያጣህ ልጅ ሆይ፣ ያጣኸው በትንሹ ነው። ከፊትህ ያለው ፈተና አንድ አይደለም፤ መግቢያው ከሁሉም ቀላሉ ሳይሆን አይቀርም። ይህን ስነግረው የሚያፈገፍግ ካለ ያፈግፍግ፤ አልቆጣውም። እኔ የምቆጣው ፈተናው ሊሠራ የተከፈለውን ሥራ በነፃ የሚሠራለትን ልጅ ነው። መጣል የፈተናው ሥራ ነው። አንተ ምን አገባህ?

አንድ የማዘጋጃ ቤት ሠራተኛ ግን ከሁሉም አስደሰቱኝ። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው «እኔስ? ልጆቼ ግቢ ገብተዋል። አሁን ሕግ ብማር ሰው ይስቅብኛል?» አሉኝ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

ይስቃል፣ ጋሼ። እዚህ አገር ጃንጥላ ቢቀይሩም ይሳቃል። ግን በ1956 ዓ.ም. ስድስት ኪሎ ላይ የመጀመሪያው የሕግ ፋኩልቲ ሲከፈት፣ ጄምስ ፖል የሚባል አሜሪካዊ ዲን ሆኖ፣ ማታ ማታ ያስተምራቸው ከነበሩት ውስጥ ሥራ ላይ ያሉ የመንግሥት ሠራተኞች ነበሩበት። ቀን ፋይል ሲያገላብጡ ውለው ማታ ደብተር ይዘው ይቀመጡ ነበር። እርስዎ ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሰው አቤቱታ ላይ «ይቅረብ» ብለው ሲመሩ ኖረዋል፤ አንድ ጊዜ የራስዎን ይምሩ። ለቅዳሜና እሁድ ተማሪ የሚቀበለው የትኛው ተቋም እንደሆነ፣ እውቅናውም የታደሰ መሆኑን አጣርተው ይክፈሉ፤ ያለ እውቅና የሚያስተምር ቤት ገንዘብዎን ይቀበላል፣ የመውጫ ፈተናው ግን እርስዎን አይቀበልም።

«ዕድሜዬስ?»

ሲመረቁ ስንት ይሆንዎታል?

ቆጠሩና ነገሩኝ።

ባይማሩስ ያን ጊዜ ስንት ሊሆንዎት ነው?

መነጽራቸውን አወረዱና አዩኝ። መልስ አልሰጡም፤ በማግስቱ ግን ትራንስክሪፕታቸውን ለማውጣት ደሴ መሄዳቸውን ሰማሁ።

መጨረሻ ላይ የመጣችው የመጀመሪያው ልጅ እናት ናት። ነጠላዋን አጥፍታ፣ ሰበብ ሳይሆን ጥያቄ ይዛ ነው የመጣችው።

«ይሄ የሚሉት ሕግ ስንት ዓመት ነው?»

አምስት፣ እትዬ። ካልወደቀ።

«ዋ! አምስት ዓመት!»

ረዘመብዎት?

«ኧረ ምን ይረዝማል፣ ሀያቲ። የመሬታችን ክርክር ቀጠሮው ይሄን ጊዜ ይይዛል፤ ይድረስልን።»